ካርዱ ላይ ያለው ቀጠሮ ለምን ተራራቀ? የወሎ አንባቢዎች የክትባት ጥያቄዎች

ልጄ በ6 ሳምንቱ ፀረ-አምስት ተከትቦ፣ ለሰርግ አገር ቤት ወርደን የ10 ሳምንቱ አለፈው። አሁን 5 ወሩ ነው። እንደ አዲስ ይጀምራል ወይ? (እናት፣ ከሐይቅ)

አብሽሪ እህቴ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርዱን ይዘሽ ነገውኑ ሂጂና ሁለተኛውን ይውሰድ፤ ሦስተኛውን ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ።

ፀረ-አምስት ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት ነው። ውስጡ ያለው የሞተ ጀርም፣ የጀርም ቁራጭና ጉልበቱን ያጣ የጀርም መርዝ ነው፤ በሽታ አያመጣም። ሰውነት ባዕድነቱን ሲያውቅ፣ እሱን ለይተው የሚያውቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ይራባሉ። አብዛኞቹ ጀርሙን የሚይዙ ፀረ-እንግዳ አካላትን ያመርታሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጀርሙን አስታውሰው ለዓመታት ይቆያሉ። ከመጀመሪያው መርፌ የሚገኘው ፀረ-እንግዳ አካል ጥቂት ነው፣ ቶሎም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሲሰጥ ግን አስታዋሾቹ ፈጥነው ይነሣሉ፤ ምርቱም በዓይነትም በብዛትም የበለጠ ይሆናል። መዘግየት ይህን ትዝታ አያጠፋውም። ከ4 ሳምንት በፊት ማስደገም ግን ሕዋሳቱ ሳይበስሉ መቀስቀስ ስለሆነ መከላከያው ደካማ ይሆናል።

የመዘግየት ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ልጁ እስኪጨርስ ድረስ ለትክትክ ተጋልጦ ይከርማል። ትክትክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በጨቅላ ላይ ነው። እባክሽ አታቆዪው።

ስትወለድ ክንዷ ላይ የተወጋችው በወሯ አብጦ አሁን መግል ያዘ። ቅቤ እንቀባው? (አባት፣ ከባቲ)

በፍጹም። የቲቢ ክትባት የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የመከላከያ ሕዋሳት እዚያው ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። ከ2 ሳምንት በኋላ ማበጥ፣ መቁሰል፣ ከ2 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ጠባሳ ጥሎ መዳን የተለመደ ነው። በንጹህ ውሃ ታጥቦ ደረቅ ይሁን፤ አይፍረጥ፣ ቅጠልም ቅባትም አይነካው። ብብቷ ውስጥ ትልቅ እብጠት ከወጣ ግን ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ጠባሳ ያልወጣለት ልጅም እንደገና አይከተብም።

የልጅ ልጄ 7 ወሯ ነው፣ ሰፈራችን ኩፍኝ ገብቷል ይላሉ። ለምን እስከ 9 ወር ትጠብቃለች? (አያት፣ ከወገል ጤና)

እማማ፣ ልጅቱ በማኅፀን ሳለች ከእናቷ የወረሰችው ፀረ-እንግዳ አካል ለወራት ደሟ ውስጥ ይቆያል። ያ ውርስ የክትባቱን የተዳከመ ቫይረስ ቀድሞ ያጠፋዋል፤ የልጅቱ ሰውነትም ራሱ ሳይማር ይቀራል። 9 ወር የተመረጠው ውርሱ በብዙዎቹ ልጆች ላይ የሚሳሳበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ያኔም ቢሆን ከ100 ልጆች መከላከያ የሚያዳብሩት 85 ያህሉ ናቸው። የ15 ወሩ፣ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛ ክትባት፣ የቀሩትን ለመድረስ ነው።

ወረርሽኝ ሲኖር ግን ከ6 ወር ጀምሮ መስጠት ይቻላል። ዛሬውኑ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቁ። በ7 ወሯ ብትወስድም እንደ ተጨማሪ ስለሚቆጠር የ9 እና የ15 ወሩ አይቀርባትም።

ከተከተበ በኋላ ሲያተኩሰው ምን ልስጠው? (ከኮምቦልቻ)

የፀረ-አምስት ትኩሳት በ24 ሰዓት ውስጥ ይነሣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። የኩፍኙ ሕያው ቫይረስ መራባት ስላለበት ትኩሳቱ ከሳምንት ወዲህ ወዲያ ይመጣል። ልብሱን አቅልሉለት፣ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። የፓራሲታሞል መጠን በክብደት ነው፤ ለ6 ኪሎ ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ከ3 ወር በታች ላለ ልጅ ባለሙያ ሳታማክሩ አትስጡ። ካንቀጠቀጠው፣ ለ3 ሰዓት ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወይም ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለቤት ለቤት ክትባት ስንወጣ ፀረ-አምስቱ በረዶው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ልጠቀምበት? (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከኩታበር)

በረዶ ሆኖ እንደነበር ሳይጣራ እንዳትሰጪ። ፀረ-አምስት መከላከያን የሚያነቃቃ የአሉሚኒየም ጨው አለበት፤ በረዶ ሲሆን ጨው ይቋጠራል፣ ኃይሉም ይጠፋል፣ ቢሟሟም አይመለስም። ማጣሪያው መናወጥ ነው፦ ከዚያው ምድብ አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለሽ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዢና አሟሚ፣ ከተጠራጠርሽው ጋር እኩል አናውጪ፣ ጎን ለጎን አስቀምጪ። የተጠራጠርሽው በዝቃጭ ፍጥነት ሆን ብለሽ በረዶ ካደረግሽው እኩል ወይም የፈጠነ ከሆነ ይወገድ። ወደፊት በረዶውን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣሽ አትጫኝው፤ ስትነቀንቂው ውስጡ ውሃ እስኪንቦጨቦጭ ጠብቂ።