ሆዱን በመብራት እዩት፦ በአቅም ስለሚገዛ ሴሚ ሆሎ ጊታር ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጊታር እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በሰርግና በምሽት ቤት ሊድ ተጫውቻለሁ። ሴሚ ሆሎ፣ ማለትም ሆዱ በከፊል ክፍት የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ለመግዛት የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ማታ ተቀምጬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ሳትሰኩት አትግዙ። ሆዱ ላይ በኤፍ ፊደል ቅርጽ በተቆረጠው ቀዳዳ (ኤፍ ቀዳዳ) የስልክ መብራት አስገብታችሁ ሆዱን ሳታዩም አትግዙ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? ጥሩና ርካሽ ሴሚ ሆሎ የቱ ነው?

መልስ፦ ምን ልትጫወትበት? ከባንድ ጋር ነው ብቻህን? የምትሰካው ምን ላይ ነው? ይህን ሳትነግረኝ ስም ብጠራልህ ገንዘብህን ማስበላት ነው። አስበህ ተመለስ።

ከእነዋሪ፦ ኤፍ ቀዳዳ ያለው ሁሉ ሴሚ ሆሎ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ደንበኞቼ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። ቀድሞ የነበረው ጊታር ሆዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበር። ድምፁ ያምራል፤ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ከፍ ሲል ግን ሰውነቱ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል። ድፍኑ ጊታር ደግሞ አይጮህም፤ ያንን የእንጨት ትንፋሽ ግን የለውም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ኢኤስ 335ን ሲያወጣ ሁለቱን አስታረቃቸው። ግራና ቀኙን ክፍት ተወውና መሃሉን ከአንገቱ ሥር እስከ ጭራው ድረስ በወፍራም የእንጨት ግንድ ሞላው። ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት) እና ብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበት) የሚቀመጡት እዚያ ግንድ ላይ ነው። ሴሚ ሆሎ የሚያሰኘው ይህ ግንድ ነው። ቀዳዳው ምልክት አይሆንህም፤ ኢኤስ 330 ከውጭ ሲያዩት የ335 መንታ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የኤፒፎን ካዚኖም እንዲሁ። ቢትልሶች የተጫወቱበት ድንቅ ጊታር ነው፤ ነገር ግን ሴሚ ሆሎ ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። መብራት አስገቡና መሃሉ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ እንጨት ፈልጉ። ወዲያ ማዶው ቀዳዳ ድረስ ከታያችሁ ግንድ የለውም።

ከአጣዬ፦ አሁን ዋጋው ስንት ገባ?

መልስ፦ ቁጥር አልናገርም። ብሩ ሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ ዛሬ የምነግርህ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንህም። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቅ።

ከመሐል ሜዳ፦ አንዱ ሻጭ ራሱ «ይሄማ ኮምፔንሳቶ ነው፣ እንጨት አይደለም» ብሎ ሌላ ውድ ሊሸጥልኝ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ ኮምፔንሳቶ መሆኑ እውነት ነው፤ ነውር መሆኑ ግን ውሸት ነው። ያ በ1958 የወጣው ጊብሰን ራሱ ሰውነቱ ተነባብሮ የተጣበቀ ሜፕል ነው። የተነባበረ እንጨት በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ጩኸትም ይቀንሳል። በዚህ ሰበብ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳትከፍል። ተጨማሪ ካለህ ለማስተካከያ ይሁን፤ ፍሬቶቹን (የጣት ሰሌዳው ላይ የተተከሉትን ብረቶች) ማለስለስ፣ ነቱን (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበትን) በልኩ መሞረድ፣ ብሪጁን ማስተካከል። ይህ የተሠራለት ርካሽ ጊታር ካልተሠራለት ውድ ጊታር ይሻላል። በእጄ ካለፉት ሁሉ ያየሁት ነው።

ከዓለም ከተማ፦ እሺ ስም ይጥሩልን እንጂ። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው እሱን ነው።

መልስ፦ እጠራለሁ፤ መብራቱን ግን አትርሱ። አይባኔዝ አርትኮር ከሆነ ፊደሉን ተመልከቱ። ኤኤስ የሚለው፣ ለምሳሌ ኤኤስ 53 ወይም ኤኤስ 73፣ ግንድ አለው። ኤኤፍ የሚለው ሙሉ ክፍት ነው። ሰዎች በአንዲት ፊደል ተሳስተው ሌላ ጊታር ይገዛሉ። ኤፒፎን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጊብሰን ሥር ነው፤ ስለዚህ የ335ን ቅርጽ ሰርቆ አልሠራም። ዶት የሚባለውን በ335 ቅርጽ የሠራውን ያገለገለ ካገኛችሁ፣ አንገቱ ደህና ከሆነ፣ አትለፉት። ግሬች ስትሪምላይነር ላይ ጂ2622 ግንድ አለው፤ ጂ2420 የለውም። ከጀርመን ዘመድ የሚልክላችሁ ካላችሁ ሃርሊ ቤንተን ኤችቢ 35 በርካሽነቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ግን ሲደርስ ፍሬቱን የሚያይለት ባለሙያ ይፈልጋል። እኔ ከሁሉም መርጬ አንድ ግዛ ብባል ኤኤስ 73ን እገዛለሁ።

ከአጣዬ፦ ቀዩ ነው ቡናማው የሚሻለው?

መልስ፦ የወደድከውን።

ከደብረ ሲና፦ እኛ የሰርግ ባንድ ነን። ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያው ከፍ ሲል የጓደኛዬ ጊታር ያጓራል። ሴሚ ሆሎ ስለሆነ ነው ይሉናል።

መልስ፦ መጀመሪያ ሆዱን አየኸው? አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ብለው ይዘውልኝ የሚመጡት ሙሉ ክፍቱን ነው። ግንድ ያለውም ቢሆን ከድፍኑ ይልቅ ቶሎ ያጓራል፤ ግን መፍትሔ አለው። የቆምክበትን ቀይር፤ ፒክአፑን ወደ ስፒከሩ ፊት ለፊት አታዙረው። ቤዙን ከሚክሰሩ ላይ ቀንስ። ካልበቃ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ድፈናቸው። ይህን ማንም የናቀው ዘዴ አይምሰልህ፤ የብሉዝ ጊታረኛው ቢቢ ኪንግ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይደፍን ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ጊብሰን እሱ ጊታሮቹን በሚጠራበት በሉሲል ስም የሠራለት ጊታር ከነጭራሹ ኤፍ ቀዳዳ የለውም። ትልልቅ መድረክ ላይ እሱን ያስቸገረ ነገር ድንኳን ውስጥ እናንተን ቢያስቸግር አይግረማችሁ።

ከሞላሌ፦ ለትዝታና ለአንቺ ሆዬ ሴሚ ሆሎ ይሻላል የሚባለው ለምንድን ነው?

ከአረርቲ፦ አንቺ ሆዬ በጊታር ድሮስ ይወጣል? ፍሬቱ አይፈቅድም። ክራርና ማሲንቆ ላይ ብቻ ነው።

ከሞላሌ፦ አይወጣም ማለት ምን ማለት ነው? ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን አልሰማህም?

ከአረርቲ፦ ሰምቻለሁ፤ ደስም ይላል። ግን ማሲንቆ በሁለት ድምፆች መካከል የሚያርፍበትን ቦታ ጊታር አያገኘውም። አያቴ ይጫወት ነበር፤ ጆሮዬ ያውቀዋል።

ከአንኮበር፦ ክራር የሚጫወተውም በልኩ ይቃኛል እንጂ እንደ ማሲንቆ አያንሸራትትም። እንግዲያው ክራርም አይወጣለት ልትል ነው?

መልስ፦ ከርዕሳችን ወጣችሁ፤ ግን ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ አልዘለውም። ሁላችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። አንቺ ሆዬን ከሲ ብትጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ፍሬት ላይ ሁሉም አሉ። ማሲንቆ በመካከል የሚያሳርፈውን ደግሞ ጊታረኛ ክሩን ገፋ አድርጎ ያገኘዋል። ሴሚ ሆሎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ335 ቅርጽ የሚሠሩት ክራቸው ከነት እስከ ብሪጅ 628 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ፌንደር የሚባለው ሠሪ ጊታሮች 648 ነው። አጭሩ ላይ ያው ክር ላላ ስለሚል ሲገፉት ይታዘዛል። በ10 የሚጀምር (ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነ) ክር አድርጉበት። ሌላው ምክንያት ድምፁ ነው። የአንገቱን ፒክአፕ ይዛችሁ ቶኑን ትንሽ ስታወርዱት፣ አንዷ ድምፅ ተነክታ እስክትጠፋ ያለው ጊዜ ባዶ አይሆንም። ትዝታ የሚፈልገው ያንን ነው። የክራርና የጊታር ክርክራችሁን ሌላ ቀን ቀጥሉት።

ከአጣዬ፦ ስለዚህ በአጠቃላይ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ስም ጠርቻለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አልጽፈውም፤ እባክህ አንብብ።

ከሞላሌ፣ እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ቦክስ ጊታር ከጎረቤት ተውሶ ተምሯል። አሁን ኤሌክትሪኩን ካልገዛሽልኝ ይለኛል። ይሄ ሴሚ ሆሎ የምትሉት ትልቅ ነው አሉኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ እውነት ነው፤ የ335 ሰውነት ለልጅ ይሰፋል፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ስለሚጫወት ትከሻውን ያመዋል። ኢኤስ 339 የሚባል አነስ ያለ አለ፤ ግንዱ ያው ነው። ኤፒፎንም ይሠራዋል። ግን ከመግዛትዎ በፊት ልጁን ይዘውት ይሂዱና ቁጭ ብሎ ይያዘው። ቆሞም በማንገቻ ይሞክረው። ተውሶ የተማረ ልጅ ስለሆነ አይጥለውም፤ ይግዙለት።

ከአንኮበር፦ የእኔ እዚህ ብርዱ እየሰነጠቀው ነው መሰለኝ። የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን ይቧጭረኛል።

ከደብረ ሲና፦ ብርድ እንጨት አይሰነጥቅም። ድርቀት ነው።

ከአንኮበር፦ ጥር ላይ ውርጩ ሲወርድ እኮ ነው የሚብሰው!

መልስ፦ የደብረ ሲናው ልክ ነው፤ የአንኮበሩ ያየው ግን ውሸት አይደለም። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ሲል፣ አየሩ ሲደርቅ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ለያይታችሁ ያዙት። ሙቀትና ቅዝቃዜ ቶሎ የሚነካው ክሩን ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። መልሳችሁ ስትቃኙት አለቀ። ድርቀትና እርጥበት ግን የሚነካው እንጨቱን ነው፤ ይህ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በበጋ የጣት ሰሌዳው ይኮማተራል፣ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ አይኮማተርም፣ ስለዚህ ጫፉ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። አንገቱም ቀና ስለሚል ክሮቹ ፍሬቱን እየነኩ ይንጫጫሉ። በክረምት ተቃራኒው ነው፤ አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ።

አሁን የእኛን አገር አስቡ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ነው። የሰርግ ባንድ ጠዋት ከውርጭ ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ከሰዓት ቆላ ይገባል። ጊታሩ በሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ስትደርሱ ሳጥኑን አትክፈቱት። ሰዓት ያህል ተዉት፣ ቀስ ብሎ ይላመድ። በበጋ ደግሞ ቀዳዳ ያለው የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ የሚንጠባጠብ ሳይሆን ተጨምቆ፣ አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ከከሰል ማንደጃ አርቁት። ባለፈው ጥር አንድ ልጅ ክፍሉ ሞቅ እንዲል ብሎ ማንደጃ አጠገብ ያሳደረውን አመጣልኝ፤ ጀርባው ከጎኑ ለቆ ነበር። አጣበቅሁት፣ ጠባሳው ግን አለ። ልጁን ሳየው ያሳዝነኝ ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

ትረስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ብረት) ራሳችሁ የምትነኩ ከሆነ ከሩብ ዙር አትለፉ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ እስከ ነገ ጠብቁ። አንደኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ሰባተኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ አትንኩት። ብሎኑ እምቢ ካለ ተዉት፤ አትታገሉት።

ከእነዋሪ፦ ቮሊዩሙ ይንኮሻኮሻል። ከኋላ የሚከፈት ክዳን አጣሁ።

መልስ፦ ክዳን የለውም። አብዛኛው ሴሚ ሆሎ ላይ ሁሉም ነገር የሚወጣው በኤፍ ቀዳዳው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማውጣት አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ (ኮንታክት ክሊነር) አስገባና ሃምሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙረው። ካልሆነ የስፌት ክር ሳታስርበት ቮሊዩሙን እንዳትፈታው፤ ወደ ሆዱ ከወደቀ መልሶ ቀዳዳው ላይ ማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ የጉሉኮስ ቱቦ ዘንጉ ላይ ሰክቼ በሱ ጎትቼ እመልሰዋለሁ።

ከአረርቲ፦ ጭንቅላቱ ላይ ጊብሰን ይላል፣ ዋጋው ግን የኤፒፎን ነው። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። የትረስ ሮዱን መሸፈኛ ተመልከት፤ ጊብሰን በሁለት ብሎን ነው የሚያስረው። ሦስት ካየህ ጊብሰን አይደለም። ሁለት ስላየህ ብቻ ግን እውነተኛ ነው አትበል።

ከዓለም ከተማ፦ ስዘፍን ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ይነዝረኛል። ጊታሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መጫወቱን ዛሬውኑ አቁም። ጊታሩ ላይሆን ይችላል፤ ሶኬቱ አርዝ (የመሬት ሽቦ) የለውም ወይም ጀነሬተሩ መሬት አልያዘም። ክሮቹ ከብሪጁ ጋር፣ ብሪጁ ከገመዱ ጋር፣ ገመዱ ከአምፑ ጋር የተያያዘ ነው። በ220 ቮልት መካከል የቆምከው አንተ ነህ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አርዙን ሳያይ ማንም እንዳይሰካ። ይህ ጊታር የመምረጥ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ነው።

ከአጣዬ፦ ያስተምራሉ?

መልስ፦ አላስተምርም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ ተመለስኩ። ለሰርግ ባንድ ነው። አምፕ የለኝም፣ ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው። ያገለገለ ኤኤስ 73 አገኘሁ። በመብራት አየሁት፤ መሃሉ ላይ እንጨቱ አለ። ሰክቼውም ሁለቱም ፒክአፕ ይሠራል። ግን ክሮቹ በጣም ከፍ ብለዋል፣ ሁለት መቃኛም ላልቷል።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ክሩ ከፍ ማለቱ አያስፈራህ፤ እዚያ ቆላ ከርሞ አንገቱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ፊት የትረስ ሮዱን ብሎን በልኩ ቁልፍ ወደ ቀኝ በጣም ትንሽ ሞክረው። ከታዘዘ ግዛው። ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ። የመቃኛውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንስ። ሚክሰር ላይ በቀጥታ ስትሰካው ድምፁ ቀጭንና ድንዙዝ ይሆንብሃል፤ ጊታሩን አትውቀስ፣ መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) አድርግ። ከገዛህ በኋላ ይዘኸው ና፣ አንገቱንና ነቱን አስተካክልልሃለሁ። ዳገቱን ወጥተህ ስትደርስ ሳጥኑን እንዳትከፍተው። ቡና እስክንጠጣ ጥግ ላይ ይቀመጥ።