አንገቴ አብጧል፤ አዮዲን ልጠጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ ሲለኝ ነው አንገቴ ማበጡን ያወቅሁት። ብርድ አልችልም፣ ይደክመኛል፤ ደም ማነስ አለብሽም ተብያለሁ። ማርገዝ አስቤያለሁ። ጎረቤቴ «የቁስል አዮዲን በውሃ ጠብ አድርገሽ ጠጪ» ትለኛለች። የምገዛው ጨው እኮ አዮዲን ያለው ነው!

መልስ፦ እህቴ፣ አደራዎን እንዳይጠጡት! የቁስል አዮዲን ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል፤ አንዲት ጠብታው እንኳ የቀን ፍላጎትዎን ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። አዮዲን ሲበዛም አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ፣ ይታወካል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር 250።

ታይሮይድ ይህችኑ አዮዲን ከደም እየለቀመ ሆርሞን ይሠራባታል። ስታንሰው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ጨምር፣ ሥራ» የሚል መልእክት፣ ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን፣ ደጋግማ ትልክበታለች። ያን ጊዜ ዕጢው እያደገ ይሄዳል፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ደም ማነስዎ ነው። አዮዲንን ከሆርሞኑ ጋር የሚያጣብቀው ኢንዛይም ያለ ብረት አይሠራም። ብረት ያነሰው ሰው አዮዲን ቢያገኝም በደንብ አይጠቀምበትም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው። ሴሊኒየምም ሆርሞኑ ወደሚሠራው ዓይነት እንዲለወጥ ያስፈልጋል።

ጨዉን የት ነው የሚያስቀምጡት? ምድጃ አጠገብ ክፍቱን ከሆነ ሙቀቱና እንፋሎቱ አዮዲኑን ይጨርሱታል። ይክደኑት፤ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ግን ጨው አያብዙ።

አሁን መስታወት ፊት ቆመው ቀና ይበሉና አንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ። እብጠቱ ከጉሮሮዎ ጋር ወደ ላይ ከወጣ፣ ከታይሮይዱ የመነጨ ሊሆን ይችላል። እኔም ታካሚዎቼን ከመዳሰሴ በፊት ውሃ አስውጣቸዋለሁ። መንስኤው ግን አዮዲን ማነስ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሰውነት ራሱ ዕጢውን ሲያጠቃም ያብጣል። ስለዚህ ከማርገዝዎ በፊት የቲኤስኤችና የብረት ክምችት ምርመራ ያድርጉ። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉ የሚገነባው በእርስዎ ሆርሞን ነውና፣ እባክዎ ቀጠሮውን አያዘግዩት። እብጠቱ ከጠጠረ ወይም ድምፅዎ ከጎረነነ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይታዩ።

ታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን) እና የብረት ክኒን አብረው ከታዘዙልዎ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። ሁለቱን ባንድ ጉንጭ እየዋጠች፣ መድኃኒቱን ብንጨምርላት ብንጨምርላት ቲኤስኤቿ አልወርድ ያለን ታካሚ ነበረችኝ። የወረደው የብረቱን ክኒን ወደ ማታ ስናዞረው ነው።