ድርብ ጠርዝ ሲታይ ካሊብሬሽን ለመድገም አትቸኩል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላየው ሰው ባጭሩ ላስታውስ። የጨረር ሕክምና ማሽናችሁ ላይ ያለው ኮን ቢም ሲቲ (በታካሚው ዙሪያ እየዞረ ራጅ አንስቶ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል የሚሠራው መሣሪያ) ካሊብሬሽን፣ ማለትም የልኬት ማስተካከያ፣ ከተሠራለት ብዙም አልቆየም። ግን የአጥንት ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይታያል። ካሊብሬሽኑ ይደገም ወይስ ዲቴክተሩ (ራጁን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ሰሌዳ) ይቀየር ነው ያልከው።

እኔ ብሆን ለጊዜው ሁለቱንም አላደርግም። መጀመሪያ የማጣራው ማሽኑ ያንኑ ስህተት ይደግማል ወይ የሚለውን ነው። የጂኦሜትሪ ካሊብሬሽን የሚያርመው የሚደጋገም ስህተትን ብቻ ነው። በዞረ ቁጥር ሌላ ቦታ የሚያርፍ ዲቴክተርን ምንም ካሊብሬሽን አያድነውም።

ምስሉን የሚሠራው ስሌት፣ በ1984 ፌልድካምፕ፣ ዴቪስ እና ክሬስ ያቀረቡትም ሆነ ከሱ በኋላ የመጡት፣ በየማዕዘኑ የራጅ ምንጩና ዲቴክተሩ የት እንዳሉ በትክክል መታወቁን ይፈልጋል። ሁለቱን የያዙት ክንዶች ደግሞ ከባድ ናቸው፣ ጋንትሪው (እነሱን ተሸክሞ የሚዞረው የማሽኑ አካል) ሲዞር በስበት ይጎብጣሉ። ካሊብሬሽን ይህን ጉብጠት በየማዕዘኑ ለክቶ መመዝገብ ነው። መጉበጡ በራሱ ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ከተመዘገበው ሲለይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ሞክር። አንዲት ትንሽ የብረት ብይ ፎም ላይ አጣብቀህ ከመዞሪያው ማዕከል አጠገብ አስቀምጥ። የራጁ ቱቦ መጀመሪያ ይሙቅ፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ፎካል ስፖቱ (ቱቦው ውስጥ ራጁ የሚመነጭበት ነጥብ) ከቦታው ይንሸራተታል። ብይዋን ሳትነካ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ እያዞርክ ምስል አንሳ። ከዚያ በየማዕዘኑ የጥላዋን ማዕከል በፒክስል አውጥተህ በግራፍ አስቀምጥና ሁለቱን መስመሮች ደርባቸው። ከተገጣጠሙ ካሊብሬሽን መድገም ያዋጣል። ካልተገጣጠሙ መፍቻህን አንሳ። ሦስተኛውን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ አዙረህ አንሳ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

ለምን እንደምወተውትህ ልንገርህ። አንድ ቦታ ልክ ያንተ ዓይነት ችግር ገጥሞኛል። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ምስሉ ጥርት ይላል፣ ሲመለስ ድርብ ይሆናል። ካሊብሬሽኑ በተደጋጋሚ ተሠርቷል፣ ሁሌም ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። የብይዋን መስመሮች ስንደርባቸው በአብዛኛው ማዕዘን ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ የዲቴክተሩ ክንድ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት አካባቢ ግን ይለያያሉ። ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዞረው እዚያ ጋ ነው። ክንዱን የያዘ ብሎን ላልቶ ነበር። ብሎኑ ጠበቀ፣ ካሊብሬሽኑ ከዚያ በኋላ አንዴ ተሠራ፣ አለቀ።

መስመሮቹ ከተገጣጠሙልህ ደግሞ የብይዋን የሲቲ ምስል አጉልተህ እይ። ዲቴክተሩ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ በሙሉ ዙር ቅኝት ብይዋ ቀለበት ትሆናለች፣ በግማሽ ዙር ደግሞ እንደ አዲስ ጨረቃ ትጎብጣለች። ፒክስሉ 0.4 ሚሊሜትር፣ ማጉላቱ 1.5 ከሆነ፣ የአንድ ፒክስል ስህተት ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ስፋት ያለው ቀለበት ይሰጥሃል። መሃሉ ጥርት ብሎ ላይና ታች ከደበዘዘ፣ ዲቴክተሩ በራሱ ወለል ላይ ትንሽ ዞሯል ማለት ነው። ግማሽ ዲግሪ ቢዞር እንኳ ከመሃል 10 ሴንቲሜትር ላይ 0.87 ሚሊሜትር ይስታል። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በጥቂቱ ማዘንበሉ ግን ይህን ያህል አይጎዳም፣ ከሱ አትጀምር።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ የርቀት ስህተት ነው። ከምንጩ እስከ ዲቴክተሩ ያለው ርቀት ሲሳሳት ምስሉ ብዙም አይደበዝዝም፣ መጠኑ ነው የሚዛባው። ዓይን አያውቀውም። በፋንተም (በታካሚ ምትክ ለመለኪያ የሚቀመጥ ዕቃ) ላይ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት ነጥቦችን ለክ።

ዲቴክተር ስለ መቀየሩ፣ በመዞሪያው ማዕከል ዙሪያ የተሳሉ ስስ ክቦች ካላየህ አትቸኩል። እነዚያ የፒክስል ችግር ምልክት ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በጌይን ካሊብሬሽን፣ ማለትም የፒክስሎቹን ምላሽ እኩል በሚያደርገው ማስተካከያ፣ ይስተካከላሉ። ድርብ ጠርዝ ሌላ ነገር ነው። ታካሚ ሲንቀሳቀስም ይመጣል፤ ለዚህ ነው ፋንተም ላይ ካላየኸው ማሽኑን አትንካ የምለው።

ካሊብሬሽኑን ስትደግም ብዙ ብይ ያለው ፋንተም ካገኘህ ተጠቀም። ቾ እና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ዘዴ በሁለት ትይዩ ክቦች 24 የብረት ብይ ይደረድራል፣ በየማዕዘኑም የምንጩንና የዲቴክተሩን አቀማመጥ ለየብቻ ያወጣልሃል። ፋንተሙ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቀው፤ አክሪሊክ (ፋንተሙ የሚሠራበት ፕላስቲክ) በሙቀት ይለጠጣል።

ከዚያ በኋላ ታካሚ ከመተኛቱ በፊት የምስሉ ማዕከልና የሕክምናው ጨረር ማዕከል መግጠማቸውን አረጋግጥ። አዲስ ካሊብሬሽን የምስሉን ማዕከል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ቲጂ 142 (የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር የማሽን ጥራት ቁጥጥር ሪፖርት) የሚፈቅደው ልዩነት ለተለመደው ሕክምና 2 ሚሊሜትር፣ ለስቴሪዮታክቲክ (ትንሽ ቦታ ላይ በከፍተኛ ትክክለኛነት ለሚያነጣጥረው ሕክምና) 1 ሚሊሜትር ነው። የሁለቱን አቅጣጫ መስመሮች ስታወጣ እዚህ ለጥፋቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።