ታሪኬን ማን ይጻፍልኝ? ጥያቄና መልስ

«ግለ ታሪኬን በስሜ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። በሰው ስም መጻፍ እንጀራዬ ስለሆነ የቻልኩትን ልመልስ። የእነማንን እንደጻፍኩ ግን አትጠይቁኝ፤ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ስም ያለው ደራሲ ይሻለኛል ወይስ ማንም የማያውቀው?

ስሙን ተወው፤ የሚያዳምጥ ሰው ፈልግ። ስም ያወጣ ደራሲ ብዙ ጊዜ የራሱን ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። መጽሐፉን ያነበበ ዘመድህ «ይሄማ አንተ አይደለህም» ይልሃል።

ከመዋዋልህ በፊት ፈትነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ስጠውና አምስት ገጽ ጽፎ ያምጣ። ክፈለው ታዲያ፤ በነፃ ማሠራት ነውር ነው። ከዚያ ቅጂውን እየሰማህ አንብብ። ቅጂው ላይ «እናቴ ድርቆሽ ቋጥራ ሰጠችኝ። በል ሂድ አለችና ፊቷን አዞረች» ብለሃል እንበል። ሰውየው «ውድ እናቴ በእንባ እየታጠበች ስንቄን አሰናድታ በጥልቅ ሐዘን ሸኘችኝ» ብሎ ካመጣልህ፣ ሒሳቡን ዘግተህ አሰናብተው። ድርቆሹ የት ገባ? እንባውስ ከየት መጣ? ጥሩ ጸሐፊ ተመልሶ ይደውልልሃል። «ድርቆሹ በምን ነበር የተቋጠረው? ፊታቸውን ሲያዞሩ ወደ ቤት ገቡ ወይስ እዚያው ቆሙ?» ይልሃል። እንዲህ የሚነዘንዝህን ሰው አትልቀቀው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጎንደር ናቸው። እኔ ዋሽንግተን ነኝ። በስልክ ይሆናል?

እህቴ፣ በስልክ ብቻ አይሆንም። ትልቅ ሰው ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው የሚዘጋው። ጸሐፊው ጎንደር ይሂድ፤ ወይም እዚያው ያለ፣ እሳቸው የሚወዱት የልጅ ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይቅዳና ድምፁን በቴሌግራም ይላክ። ጠዋት ቡና ላይ ጥሩ ሰዓት ነው። ሲደክማቸው ይቁም። የድሮ ፎቶ ካለ አምጥቶ ፊታቸው ማስቀመጥ ከመቶ ጥያቄ ይበልጣል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። አባትሽ «በ66 ዘመቻ ወጣሁ» ሊሉ ይችላሉ። የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 1967 ነው። ይህን የሚይዝ ጸሐፊ ያስፈልግሻል፤ እሳቸውን ሳያሳፍር የሚይዝ።

ጥያቄ፦ ክፍያውን ከሽያጩ በፐርሰንት ብንስማማስ?

እኔ በፐርሰንት አልሠራም፤ አንተም እንዲህ ብለህ አትዋዋል። መጽሐፉ ላይሸጥ ይችላል፤ ያኔ ጭቅጭቁ የማያልቅ ነው። ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሩና በሦስት ክፈል፦ ስትፈራረሙ፣ ረቂቁ ሲጋመስ፣ ሲጠናቀቅ። ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥን ማን እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ቁረጡ። የአንድ ሰዓት ቅጂ አራት አምስት ሰዓት ይበላል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያስብ ነው መሐል ላይ የሚኳረፈው።

ጥያቄ፦ ጸሐፊው ነገ ተነስቶ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ቢልስ?

ውል ያስፈልግሃል፤ የቃል አይደለም፣ የጽሑፍ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም አሳትሞ የመሸጥ መብቱ፣ ላሠራው ሰው ነው። ነገር ግን አዋጁ ለደራሲው በሥራው ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅም፣ ሳይታወቅ የመቆየትም መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ስሙ ሽፋን ላይ ይወጣል? ምስጋና ላይ ይጠቀሳል? ወይስ ጭራሽ አይነሳም? ቁርጡ ይጻፍ። ምስጢር መጠበቁም ይግባበት። እኔ በበኩሌ ምስጋና ገጹ ላይ «ላገዘኝ ወዳጄ» መባል ይበቃኛል፤ የማይበቃው ጸሐፊ ካጋጠመህም አትቀየመው። ውሉን ጠበቃ ቢያየው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እስር ቤት ያሠቃየኝን ሰው በስም ልጥራው?

ጸሐፊው የነገርከውን ይጽፋል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን ያንተ ነው። ሰውየው ቢከስህ ችሎት የምትቆመው አንተ ነህ። ሰነድ ወይም ምስክር ካለህ ከጠበቃ ጋር ተማከር። ከሌለህ ያደረገብህን ጻፍና ስሙን ተወው። የታሪኩ ጉልበት አይቀንስም።

ጥያቄ፦ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌንስ ትጽፍልኛለህ?

አልጽፍም። ማንም አይጻፍልህ።

ጥያቄ፦ ጸሐፊው መሐል ላይ ጥሎኝ ቢሄድስ?

ያጋጥማል። ድምፁም ጽሑፉም በየሳምንቱ ኮፒው እጅህ ይግባ። ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው የፊደል አሠራር ይሁን። በድሮው የአማርኛ መተየቢያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተተየበ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ተተኪው ጸሐፊ «ከዜሮ እንጀምር» ይልሃል። ስትለያዩ እስከዚያ የተሠራው ያንተ እንደሚሆንና ለሠራበት ምን ያህል እንደሚከፈለው ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባ።