ዓመት ዓመት የማይዘራው ጎመን በየአገሩ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ሰላም እህቴ፣ ከሽቱትጋርት ሆነሽ «ከአገር ቤት ያስመጣሁት የጎመን ዘር ገና ቅጠሉን ሳልጠግበው አበባ አወጣብኝ፣ ለዓመታት የሚቆይ ጎመን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ጣሊያን ላለችው ታናሼስ ምን ልበላት» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ነው። ከላይ ብዙ ሰው «ኬል ነው፣ ኬል ግዢ» ብሎሻል፣ ግን ጀርመን ኬል ብለሽ ከሄድሽ የሚሰጡሽ ግሩንኮል ነው፣ ያ ዳር ዳሩ የተኮማተረው። እሱ ብርዱን ይችላል፣ ግን በሚቀጥለው ስፕሪንግ አበባ ያወጣና አለቀ፣ እንደገና መዝራት ነው። ሆላንድ ቡረንኮል፣ ስዊድን ግሮንኮል የሚሉትም እሱኑ ነው።

አንቺ የምትፈልጊው ጀርመን ውስጥ «ኤቪገር ኮል» ነው የሚባለው። ሽታውደንኮል የሚሉትም አሉ፣ ባውምኮልም ይሉታል፣ ባውምኮል ሲሉሽ ግን ጠንቀቅ በይ፣ ቁመቱ የረዘመ ጎመን ሁሉ በዚህ ስም ይሸጣል። የጀርዚ ደሴቱ ከሰው ቁመት የሚያልፈው፣ ግንዱን አድርቀው ከዘራ የሚሠሩበት ጎመን ሳይቀር! ያ ለጉድ ነው እንጂ ለድስት አልመክረውም።

እኔ ያለሁት ሆላንድ ነው፣ ኡትሬክት አካባቢ ፎልክስታይን፣ ማለት ትንሽ የኪራይ የአትክልት ቦታ አለችኝ፣ እዚህ «ኤዊኽ ሙስ» ይሉታል፣ «ስፕላይትኮል» የሚሉትም አሉ፣ ቤልጅየም ፍላሚሾቹ ጋም በነዚሁ ስሞች ታገኚዋለሽ። ፈረንሳይ «ሹ ፔርፔቱዌል» ወይም «ሹ ዶባንቶን» ነው። ዶባንቶን የሰው ስም ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የፈረንሳይ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ይሄ ስም ድንበር ተሻግሮ እንግሊዞቹም ዶበንተን ኬል ይሉታል፣ የጀርመንም የሆላንድም ሻጮች መለያው ላይ ይጽፉታል። ስለዚህ ለታናሽሽ የምትነግሪያት ይሄን ነው፣ ካቮሎ፣ ጎመን ማለት ነው፣ ብላ ዶባንቶንን ትጨምርበት። ካቮሎ ብቻ ካለች ካቮሎ ኔሮ፣ ቅጠሉ የጠቆረውን ነው የሚያቀብሏት፣ ለወጥ ግሩም ነው አልልም አይደለም፣ ግን እሱም በሁለተኛው ዓመት አበባ አውጥቶ የሚሞት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ «ቶንተን ዲን» የሚባል አለላችሁ፣ የሰመርሴት ነው፣ ከዶበንተን ይረዝማል፣ ቅጠሉም ሰፋ ያለ ነው፣ ለኛ አቆራረጥ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የሚያሳስቱ ስሞች አሉ። ጀርመን ሜርኮል፣ ሆላንድ ዜኮል፣ ስዊድን ስትራንድኮል የሚባለው በባሕር ጠረፍ የሚበቅለው ጎመን እውነት ነው ለዓመታት ይቆያል፣ ግን ዘሩ ሌላ ነው። «ናይን ስታር» የሚባለውም ለዓመታት የሚቆይ ቢሆንም ትንንሽ ነጭ የብሮኮሊ ራስ የሚያወጣ ነው፣ ለቅጠል አይደለም። ፖርቱጋል ያላችሁ ብዙም አትጨነቁ፣ ገበያው ሁሉ «ኮቭ ጋሌጋ» ነው፣ ካልዶ ቨርዴ የሚሉትን የጎመን ሾርባ የሚሠሩበት፣ በዘር ይገኛል፣ ከታች ከታች እየቀነጠሳችሁ ረጅም ጊዜ ትበሉታላችሁ።

ሻጩ ግራ ከተጋባ የላቲኑን ስም አሳዪው፣ ብራሲካ ኦሌራሲያ ብሎ መጨረሻው ላይ ራሞሳ የሚል። የኛ የሀበሻ ጎመን ብራሲካ ካሪናታ ነው፣ ከኦሌራሲያ ወገንና ከሰናፍጭ በተፈጥሮ ተዳቅሎ የመጣ። ጣዕሙ ያው ነው ወይ ላልሽው እንግዲህ፣ ያቺ የኛዋ ትንሽ የምትሰነፍጥ ነገር እዚህኛው ላይ የለችም፣ ለስለስ ይላል፣ ውርጭ ከመታው በኋላማ ጣፈጥ ይላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጠበቅ አድርጌበት ጎመን በሥጋ ሠርቼ እንግዳ አብልቼበታለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ትልልቁን የታችኛውን ቅጠል ግን ተዪው፣ ብትቀቅዪው ብትቀቅዪው አይበስልም፣ ከጫፍ ያለውን ለጋውን ነው መቀንጠስ።

ዋናው ነገር ግን፣ ዘር አትፈልጊ። ይሄ ጎመን አበባ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው፣ ኦንላይን ዘር ነው ብለው ቢሸጡልሽም የሚበቅለው የተደበላለቀ ነው የሚሆነው። ቅርንጫፉ ነው የሚተከለው። ስለዚህ ከስሙ እኩል ይቺን ቃል ያዢ፣ ጀርመን ሽቴክሊንግ፣ ሆላንድ ስቴኪዬ፣ ፈረንሳይ ቡቱር፣ ጣሊያን ታሌያ። እዚህ የአትክልት ጎረቤቶቼ ስቴኪዬ ስትያቸው ደስ ብሏቸው ቆርጠው ነው የሚሰጡሽ፣ በብር የሚሸጥልሽም የለም። ከጎን የወጣውን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቅርንጫፍ ወደ ታች ሳብ ስታደርጊው ከግንዱ ትንሽ ልጥ ይዞ ይገነጠላል፣ የታቹን ቅጠል አራግፈሽ ሁለት ብቻ ከላይ ተዪ፣ እነሱም ትልቅ ከሆኑ ግማሻቸውን ቁረጪ፣ አለበለዚያ ውሃውን መጥጠው ይጠወልጋሉ። እርጥብ አፈር ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀምጪው፣ ጥቂት ሳምንት ነው። ጎትት ስታደርጊው እምቢ ካለ ሥር ሰዷል።

ከተከልሽው በኋላ መረብ አልብሺው፣ ነጭ ቢራቢሮዋ እንቁላሏን ጥላበት ትሉ ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል፣ ሲበርድ ደግሞ እርግቡ አለ። ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላ ግንዱ እንጨት ሆኖ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ ያኔ ሳይሞት አዲስ ቅርንጫፍ ወስደሽ ሌላ ቦታ ትተክያለሽ። ክለብ ሩት የሚባለው የሥር በሽታ ካለበት ቦታ ግን በነጻ ቢሰጡሽም ከነአፈሩ እንዳትቀበዪ፣ አንዴ ከገባ ለብዙ ዓመት ከመሬቱ አይወጣም።

ከእንግሊዝ በፖስታ ልላክልሽ የሚል ቢመጣ፣ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ለመትከል የሚሆን ተክል ከዚያ ወደ ዩሮፕ ሲገባ የጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃል፣ ጉምሩክ ላይ ነው የሚቀረው። እዚያው ጀርመን ፈልጊ፣ ስፕሪንግ ላይ የዕፅዋት መለዋወጫ ባዛሮች አሉ። ሆላንድ ድንበር አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የኔው በጎን በጎኑ እያወጣ ነው፣ ቆርጬ እሰጣለሁ።