መልስ፦ ቀይ አልወጣ ያለው ፕሪንተር

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ቢሮህ ውስጥ የቆመው አሮጌ ባለቀለም ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ቀይ አልወጣ ስላለ «ልጣለው ወይ?» ብለሃል። ኧረ አትጣለው! ሳይሠራ ሲከርም ቀለሙ «ሄዱ» (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል) ላይ ይደርቃል፤ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል።

ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ ሄዱን ራሱ የሚያጸዳበትን ትእዛዝ) አንዴ ሁለቴ ሞክር። አትደጋግመው፣ ቀለም ይጨርሳል። ካርትሪጁ (የቀለም መያዣው) ከነሄዱ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ታችኛውን ገጽ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ለደቂቃ ያህል አስቀምጠው። ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ለየብቻ ጨርቁ ላይ ከታተሙ ተከፍቷል ማለት ነው። ካርትሪጁ ላይ ያሉትን መዳብ መሳይ ነጥቦች ውሃ አታስነካ።

ከሁሉ በላይ ግን ከሶኬት ነቅለህ አታጥፋው። በራሱ ማብሪያ ስታጠፋው ሄዱ ቦታው ገብቶ ይከደናል። እያተመ መብራት ከሄደ ግን ክፍቱን ይቀርና ይደርቃል። መብራት ሲመጣ አብርተህ በወጉ አጥፋው። በየሳምንቱም አንድ ባለቀለም ገጽ አትምበት።