መልስ፦ ቃለ ጉባኤው እንደሚለው ክለባችን በ1986 ከተመሠረተ፣ የምሥረታው ፎቶ ላይ 80 ላንድክሩዘር (የቶዮታው ባለ 80 ሞዴል) ምን ይሠራል?

ፎቶውም ቃለ ጉባኤውም ልክ ናቸው። 1986 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 80ው ላንድክሩዘር ደግሞ በፈረንጆቹ 1990 ነው የወጣው። የፎር ዊል ክለባችሁ ሲመሠረት መኪናው ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ለታሪክ መጽሔቱ እንዲህ አድርግ፦

1. ቃለ ጉባኤው ላይ ወሩን ፈልግ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ 7 ደምር፣ 1993 ይመጣል። ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ከሆነ 8 ደምር፣ 1994።
2. ከየዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለህ ጻፍ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ የእድራችንን ታሪክ ሳዘጋጅ ሁሉም ላይ በጅምላ 8 ደመርኩ፣ ለካ ግማሹን የቀድሞው ጸሐፊ ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀይሮት ኖሯል፤ ከታተመ በኋላ አንድ ሽማግሌ «ያኔማ ጡረታ ወጥቼ ነበር እኮ» ብለው ሳቁብኝ። ካሜራው ፎቶው ጥግ ላይ ያተመው ቀንና የመኪናው የምርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ስለሆነ እነሱን አትንካ።